ወደ ጓሮ ይዤው የገባሁት ማይክ

በዚያ ቀን የነበርነውን ሰዎች አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ «እገሌም ነበረ፣ እገሊትም ሰምታለች» እንዳይባል። ስድስት ነበርን። አራቱ ከሶዶ የመጡ ናቸው፦ አሠልጣኙ አቶ ታፈሰ፣ የአዲስ አበባው ፊልም ሠሪ ሄኖክ፣ ወፎችን የምታጠናው የአረካ ልጅ መስከረም፣ መኪናውን የሚነዳው ከድር። ከእኛ መንደር ደግሞ ጎረቤቴ አቶ ዳና እና እኔ። ሌላ ማንም አልነበረም። ባለቤቴ ሩቅ አገር በግድብ ሥራ ላይ ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል። ልጄ ሰላም ሶዶ አክስቷ ቤት ሆና ትማራለች። እኔ ከፍየሎቼ ጋር ከቤሌ ከተማ ወረድ ብሎ ባለ መንደር እኖራለሁ።

የሰላም እናት እባላለሁ። የራሴ ስም አለኝ፤ ግን በእኛ ዘንድ ሴት ከወለደች በኋላ በልጇ ነው የምትጠራው። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ የለመድኩት ልጅ ሳለሁ ሶዶ ዘመድ ቤት ስኖር ነው። ይህን የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ፊደሉን ያረመችልኝ ሰላም ናት።

ጠንቃቃ ሰው ነኝ። ሰዎች «ፈሪ» ይሉኛል፤ አልጣላቸውም። ሰላም በልጅነቷ ከምንጩ ውሃ ቀድታ እስክትመለስ በር ላይ ቆሜ እጠብቅ ነበር። ቤሌ ገበያ ስሄድ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ተመልሼ በሩን እፈትሻለሁ። ይህን የምነግራችሁ እንድትስቁብኝም እንድታመሰግኑኝም አይደለም። ያ ክፉ ሥራዬ የመጣው ከዚሁ ጥንቃቄዬ ስለሆነ ነው።

እነዚህ ሰዎች ከመምጣታቸው ሁለት ዓመት በፊት ጅብ የፍየሎቹን በረት ጥሶ አንዲቱን ገደለ። ግማሿን በልቶ ግማሿን ከእንሰቱ ሥር ጥሎ ሄደ። ሰላም ያኔ ከእኔ ጋር ነበረች፤ በየማለዳው ብቻዋን ወደ ምንጩ ትወርዳለች። እኔን ያስጨነቀኝ የፍየሏ ነገር አልነበረም፤ የልጄ ነው። ጅብ ለተረፈው ሥጋ ተመልሶ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ለበቆሎዬ ተምች ብዬ ከገበያ የገዛሁት መድኃኒት ቤት ውስጥ ነበረ። ሰላምን ወደ አክስቷ ላክኋት። ውሻችንን አሰርኩ። እጄን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ አፍንጫዬን በነጠላ ሸፍኜ በሥጋው ላይ አፈሰስኩት። ሁሉን አስቤ ነበር። ከላይ የሚመጣውን ግን አላሰብኩም።

ጅቡ አልመጣም። በማግስቱ የመጡት በመሬቴ ጫፍ ባለው ትልቅ ዋርካ ላይ የሚያድሩት ጥንብ አንሳዎች ናቸው። ከዋርካው ሥር አሥራ ዘጠኝ ሬሳ ቆጠርኩ። ከፍየሏ የተረፈውን አጥንት ማንም ሳያይ ቀበርኩ። አንዱ እስከ ምንጩ በርሮ ውሃው ውስጥ ወድቆ ሞተ። መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው ከዚያ ምንጭ ነው። ለሦስት ወር ማንም አልቀዳበትም፤ ሴቶቹ ሁሉ እስከ ወንዙ ይወርዱ ነበር። ሰላምም ተመልሳ ከእነሱ ጋር ወረደች፤ ያውም ከምንጩ ሦስት እጥፍ የሚርቅ መንገድ።

ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡና «ያደረገው ይናገር» አሉ። እኔ ከሴቶቹ ኋላ ቆሜ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ምራቄን ዋጥኩና ዘጋሁት። አንድ ሰው «መርዝ በጀርባው አዝሎ የሚዞር ማን ነው?» አለ። ሁሉም ወደ አቶ ዳና ዞረ። አቶ ዳና በመንደራችን የመርጫ ዕቃ ያላቸው ብቸኛ ሰው ናቸው፤ የሰውን ሁሉ ማሳ ይረጩ ነበር። «እኔ አይደለሁም» አሉ። ደግመው «እኔ አይደለሁም» አሉ። ሦስተኛ ጊዜ የጠየቃቸው አልነበረም።

የመታቸው የለም። የከሰሳቸውም የለም። ብቻ ሰው ወደ ግቢያቸው መምጣት ተወ። ማሳ ርጭልኝ የሚላቸው ጠፋ። ደቦ ሲወጣ አይጠሩም። ሚስታቸው ከሞተች ገና ዓመቷ ነበር፤ ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። እሁድ በቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ በግራም በቀኝም ባዶ ይሆናል። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ያንን ባዶ ቦታ አያለሁ። ሁለት ዓመት አየሁት።

እንግዲህ ወደዚያ ቀን ልመለስ።

ጥር ወር ነበር። ሶዶ ውስጥ ሥልጠና ተደርጎ ነበር፤ የዱር እንስሳ የሚያጠኑ ሰዎችና ፊልም የሚሠሩ ሰዎች አንድ ላይ ተቀምጠው የእንስሳቱን ነገር ለሕዝብ እንዴት መንገር እንዳለባቸው የሚማሩበት። ከአዳራሹ ትምህርት በኋላ በቡድን ተከፋፍለው ወደ ገጠር ወጡ። ወደ እኛ የመጣው ቡድን የዋርካውን አሞራዎች ታሪክ ሊሠራ ነው። አቶ ታፈሰ ግቢዬ ገብተው ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ እንዲህ አሉኝ፦ «በእኛ ሥልጠና ሥራ ይቀያየራል። ሳይንቲስቷ ማይክና ሄድፎን ትይዛለች፤ ፊልም ሠሪው ወፍ ይቆጥራል። አንዱ የሌላውን ድካም ካላወቀ አብሮ መሥራት አይችልም።»

ሄኖክ አንገቱን ወደ ላይ ቀስሮ «ሃያ ሦስት!» አለ።

«አንዱ ቁራ ነው» አለች መስከረም።

«ቁራ ወፍ አይደለም እንዴ?»

«ቁጠር የተባልከው ጥንብ አንሳ ነው። ሁለቱ ደግሞ ደረቅ ቅጠል ናቸው።»

ከድር መኪናው በር ላይ ተደግፎ ሳቀ። «ተወው፤ ሠርግ ቤት እንግዳ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው!»

«ወንድሜ፣ ሠርግ ቤት እንግዳው አይበርም» አለ ሄኖክ፤ እንደገናም መቁጠር ጀመረ።

ሳቅሁ። በግቢዬ ውስጥ የሰው ሳቅ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። ያኔ እነሱ እስከ ማታ ቢቆዩ ብዬ ተመኘሁ፤ ቶሎ ቢሄዱ ብዬም ተመኘሁ።

አራት ሰዓት ሲሆን ከዋርካው ሥር በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ሄኖክ አውራ ጣት የምታክል ማይክ በነጠላዬ ውስጥ ከቀሚሴ ደረት ላይ ሰካልኝ፤ ሽቦዋ ከወገቤ ከተንጠለጠለ ትንሽ ሳጥን ጋር የተያያዘ ነው። መስከረም ትንሽ ራቅ ብላ ሄድፎኑን አድርጋ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እኔን ብቻ እያዩ ይንገሩኝ። ያን ቀን ምን አዩ?» አለኝ ሄኖክ።

«እማማ አትበለኝ። አርባ ዓመት አልሞላኝም፤ የአንተ ጢም ሸብቷል።»

ከድር እንደገና ሳቀ። ሄኖክም ይቅርታ ጠየቀኝ። ከዚያ ነገርኩት፤ በጠዋት እንደወጣሁ፣ ሬሳውን እንዳየሁ፣ ማን እንዳደረገው እንደማላውቅ። ስጨርስ «በጣም ጥሩ፤ ግን ፍየል ጮኸችብን፤ እንደገና ይንገሩኝ» አለ። እንደገና ነገርኩት። በመንገዱ ሞተር አለፈ፤ ሦስተኛ ጊዜ ነገርኩት። «እኔ እንኳ ማን እንዳደረገው እስከ ዛሬ አላውቅም» የሚለውን ውሸት ሦስት ጊዜ ተናገርኩ። በሦስተኛው እንባዬ መጣ። ሄኖክ «እሱ ነው! እሱን ነው የምፈልገው» አለ።

ዕረፍት ሆነ። ሄኖክና አቶ ታፈሰ ወረቀት ዘርግተው ማውራት ጀመሩ። እኔ ሦስት እርምጃ ርቄ ስኒ አጥባለሁ።

«እንባው አለን» አለ ሄኖክ። «ዛፉ አለን። የጎደለን ያደረገው ሰው ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እዚያ ማዶ ያለውን ሰውዬ እንቀርጻለን፤ ዳና የሚባለውን። መጀመሪያ ስለ መርጨት እጠይቀዋለሁ፤ ሲዝናና ስለ መርዙ አነሳበታለሁ።»

«ማስረጃ አለን?» አለች መስከረም። ሄድፎኑን አንገቷ ላይ አውርዳ ነበር።

«አገሩ ሁሉ ይላል።»

«አገሩ ሁሉ ያለው ማስረጃ አይሆንም፤ ሄኖክ።»

«ይኸው፤ ሳይንስ ጀመረች! ይሄ እኮ የምርምር ወረቀት አይደለም፤ ታሪክ ነው። አንድ ሰው ካላጠፋ ማን ያየዋል?»

አቶ ታፈሰ «እንጠይቃቸውና መልሳቸውን እንስማ» አሉ። «ፊልሙ መጨረሻ ላይ ለመንደሩ ይታያል። በአደባባይ ቢነገር ሌላውም ይማራል።»

ስኒው ከእጄ ወደቀ። አልተሰበረም። አንስቼ አስቀመጥኩትና «መጣሁ» ብዬ ወደ ጓሮ ሄድኩ።

በእኛ ቤተ ክርስቲያን የምንጸልየው ድምፅ አውጥተን ነው። ሁላችንም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ የራሱን። እኔ ብቻዬን ስሆንም ድምፅ ካላወጣሁ የጸለይኩ አይመስለኝም። ከእንሰቱ መሃል ቆምኩ፤ ቅጠሉ ከቁመቴ በላይ ነው፤ ማንም አያየኝም። በወላይትኛ ጸለይኩ። የራሴን ልብ የማውቀው በእሱ ስለሆነ። «ጌታ ሆይ፣ የእኔ እጅ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ» አልኩ። «መርዙን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ዳና ምንም አያውቁም። ወደ እሳቸው እንዳይሄዱ አድርግልኝ። ካሜራቸውን አበላሽልኝ። ዝናብ አምጣ። እኔ መናገር አልችልም፤ ሰላም ትምህርት ቤት ስሟ ይጠፋል፤ ባሌ ይተወኛል። ሌላ መንገድ አሳየኝ።» ሁለት ዓመት በሐሳቤ ብቻ የያዝኩት ነገር በአንድ ጊዜ ከአፌ ወጣ። አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን በውሃ ታጥቤ ተመለስኩ። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር፤ የዝናብ ምልክት የለም።

ስመለስ ሄኖክ ወደ እኔ መጣ። «ውይ፣ ይሄን ረስተነው!» ብሎ እጁን ወደ ደረቴ ዘረጋ። ማይኩ እዚያው ነበር። ሳጥኑም ወገቤ ላይ አረንጓዴ እያበራ ነበር።

«ይሄ ነገር... ሰው ሲርቅም ይሰማል?» አልኩት።

ከድር ከመኪናው ሆኖ መለሰልኝ። «እትዬ፣ ይሄ ከመንገዱ ማዶ ቢሆኑ የልብ ትርታ ይሰማል! ትናንት እኔን ሳላውቅ ስለ ሄኖክ ሳማ ቀድተውኛል።»

ወደ መስከረም ዞርኩ። ሄድፎኑን መልሳ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን መቅጃ አቀርቅራ ታያለች። የአረካ ልጅ ናት አላልኳችሁም? ወላይትኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው።

እንዲያም ሆኖ ምሳ ማቅረብ አለብኝ። ቦይና ቀቅዬ ነበር፤ ሌሎች ጎደሬ የሚሉትን። ከዳጣ ጋር አቀረብኩላቸው። ሄኖክ ዳጣውን አብዝቶ አጠቀሰና ዓይኑ በእንባ ሞላ፤ ከድር «አሁን አንተን እንቅረጽህ!» አለው። እኔ አልሳቅሁም። ሄኖክ ውሃ እየጠጣ ወደ መስከረም ዞረ።

«ቅድም ጓሮ ሆና ምን ነበር የምትለው? መቅጃውን ዘጋሽው?»

«አልዘጋሁትም።»

«እና ምን አለች?»

«ጸሎት ነው» አለች መስከረም።

አቶ ታፈሰ ምግባቸውን አቆሙ። «ለአሞራዎቹ ነው የጸለየችው? መስከረም፣ የፊልሙ ልብ እሱ ሊሆን ይችላል። ተርጉሚልን።»

«ጸሎት ነው፤ ጋሼ። መጀመሪያ እሷን ልጠይቅ።»

ተነስታ ተከትላኝ ወደ ማድ ቤት ገባች። በሩን ገርበብ አደረገችው። በወላይትኛ «አዬ» አለችኝ፤ እናት ማለት ነው። ሰላም ካልሆነች በቀር ማንም እንደዚያ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አዬ፣ ሰምቻለሁ። መስማት አልፈለግሁም ነበር። መጀመሪያ ጸሎት መሆኑ ሳይገባኝ ሰማሁ፤ ሲገባኝም ሄድፎኑን ማውለቅ ነበረብኝ፤ አላወለቅሁም። ይቅር ይበሉኝ።»

እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀችኝ። ምን ልበል? «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት።

«ይህ የእኔ አይደለም። ለእኔም አልተነገረም።» መቅጃውን አሳየችኝ፤ በመስተዋቱ ላይ ቁጥሮች ተደርድረዋል። አንዱን ነካች፤ ሌላ ነገር ጠየቃት፤ እሱንም ነካች። «ይኸው፤ ጠፍቷል።»

እጇን ይዤ ልስመው ስል ነጠቀችኝ።

«አያመስግኑኝ፤ አዬ። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ሰውዬው እንሄዳለን። እኔ የሰማሁትን መናገር አልችልም። እርስዎ ግን ይችላሉ።»

«ሰላም የዘንድሮን ፈተና ትጨርስና እናገራለሁ። እምልልሻለሁ።»

«አይማሉ» አለችኝ። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከማድ ቤቱ ወጥታ «እንዳይገባ ጠይቃኛለች» ስትል ሰማኋት፤ ሄኖክ በረጅሙ ተነፈሰ።

ስምንት ሰዓት ላይ አቶ ታፈሰ «ጎረቤት ነሽና አብረሽን ሂጂ፤ አንቺ ካለሽ ሰውዬው አይደነግጡም» አሉኝ። እምቢ ለማለት ምክንያት አጣሁ። በማሳው መሃል አልፈን ሄድን።

አቶ ዳና ግቢያቸውን ጠርገው፣ ለለቅሶና ለሠርግ የሚለብሱትን ኮት ለብሰው ቆመዋል። በቤታቸው ያለውን ወንበር ሁሉ አውጥተው በጥላው ሥር ደርድረዋል። ሰባት ወንበር ነበር። እኛ እሳቸውን ጨምሮ ስድስት ነን፤ እሳቸውም ቆመው ነበር።

«ግቡ፣ ግቡ! ሳሮ! የሰላም እናት፣ አንቺም መጣሽ!» አሉ፤ ሳሮ የእኛ ሰላምታ ነው። «ስለ እርሻ የሚጠይቁ ሰዎች ከሶዶ መጡ ሲሉኝ እኔ አላመንኩም። ተቀመጡ። ሁላችሁም ተቀመጡ። ወንበር ሞልቷል።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልተቀመጠባቸው ወንበሮች ናቸው። የእኔ አንድ እግሩ አጭር ነበር፤ ጠጠር አምጥተው አስተካከሉልኝ።

ካሜራው ተተከለ። ሄኖክ ስለ መርጨት ጠየቃቸው። የመርጫ ዕቃቸውን አምጥተው በጀርባቸው አዘሉት፤ አፍንጫውን እንዴት እንደሚያጸዱ፣ ነፋስ በየት እንደሚነፍስ አይተው እንደሚረጩ፣ ባዶ ጠርሙስ እንዴት እንደሚቀብሩ በደስታ አስረዱ። «ልጆች እንዳይነኩት ነው» አሉ። እኔ የራሴን ጠርሙስ የት እንደጣልኩት አስታወስኩ።

ሄኖክ ወንበሩን ትንሽ አቀረበ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አቶ ዳና፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዋርካው ሥር ስለሆነው ነገር...»

የአቶ ዳና ፊት ጠቆረ። እጃቸው ከመርጫው ማንገቻ ላይ ቀረ።

«ይቁም!» አለች መስከረም። «ድምፁ አልሠራም።»

ሄኖክ ሄድፎኑን ተቀብሎ አዳመጠ። «ይሠራል እኮ።» እንደገና ወደ አቶ ዳና ዞረ። መስከረም ተነስታ ከካሜራው ፊት ቆመች።

«ይህን ጥያቄ አትጠይቃቸውም።»

«ምን ሆነሻል? ዞር በይ!»

«እሳቸው አይደሉም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

መስከረም ከካሜራው ፊት አልተነሳችም።

አቶ ታፈሰ ተነሱ። «መስከረም፣ ከጠዋት ጀምሮ ማስረጃ፣ ማስረጃ ስትይ የዋልሽው አንቺ ነሽ። ማስረጃሽ ምንድን ነው?»

«አለኝ፤ ጋሼ። አልናገርም።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የምነግራችሁ አንድ ነገር አለ። እኔ ከእሷ ሁለት ወንበር ርቄ ተቀምጬ ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ እኔ አልተመለከተችም። አንድ ጊዜ ብትመለከተኝ ሁሉም ይረዳ ነበር። መሬት ትመለከታለች፣ አቶ ታፈሰን ትመለከታለች፣ ወደ እኔ ግን አንገቷን እንኳ አላዞረችም። እኔም ከንፈሬ ተከፈተ። ምላሴ ግን ልክ እንደዚያ ቀን ከሴቶቹ ኋላ እንደነበረው ሆነ።

ሄኖክ መቅጃውን ከእጇ ወስዶ ይነካካ ነበር። «ከሰባት ወደ ዘጠኝ ዘሏል» አለ። «ስምንተኛው የታለ?»

«አጠፋሁት።» ስምንተኛው የእኔ ጸሎት ነበር፤ እነሱ ግን ለአሞራዎቹ የጸለይኩ ስለመሰላቸው ከአቶ ዳና ጋር አላያያዙትም።

አቶ ታፈሰ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የሥልጠናቸው የመጀመሪያ ሕግ በመስክ ላይ የተቀዳ ነገር እንደማይጠፋ ነው፤ ይህን ኋላ ከድር ነገረኝ። «ለምን?» አሏት፤ ድምፃቸው የተቆጣ ሳይሆን ያዘነ ነበር። «ምክንያትሽን ንገሪኝና እኔ እቆምልሻለሁ።»

«አልችልም።»

«እንግዲያው ከዚህ ቡድን ጋር መቀጠል አትችዪም።»

«አውቃለሁ።»

ከድር እንኳ ቀልድ አጣ። «በመኪናው ላድርስሽ» አላት፤ «አይ፣ ሥራ ታስፈታለህ» አለችው። ቦርሳዋን አነሳች። አቶ ዳናን በሁለት እጇ ጨበጠቻቸው። ለእኔ «ደህና ይሁኑ፤ አዬ» አለችኝና ወደ መንገዱ ወጣች። ወደ ቤሌ የሚሄድ ሞተር አስቁማ ከኋላው ስትቀመጥ ከግቢው ሆኜ አየኋት። ከቤሌ አውቶቡስ ይዛ ወደ ሶዶ ትሄዳለች። ቦርሳዋን በጉያዋ አቅፋ ነበር።

የቀሩት ዕቃቸውን ጠቀለሉ። ቀረጻው ቀረ። እኔ የጠየቅሁት ጸሎት ተሰማ ማለት ነው? ካሜራው አልተበላሸም፤ ዝናብ አልመጣም፤ ወደ ዳና የታሰበው ግን ቀረ። ዋጋው ከእኔ ሳይሆን ከእሷ ተወሰደ።

ሁሉም ሲሄዱ አቶ ዳና በግቢው መሃል ቆመው ቀሩ። «የሰላም እናት፣ ምን ሆኑ? እኔ ያጠፋሁት ነገር ነበር?» አሉኝ።

«የለም፤ እርስዎ ምንም አላጠፉም» አልኩ። ያን ማለት ብቻ ቻልኩ።

ወንበሮቹን ወደ ቤት ማስገባት ጀመሩ። አንድ በአንድ ነበር የሚያስገቡት። አራቱን እሳቸው፣ ሦስቱን እኔ አስገባን። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ፍየሎቹን አስገባሁ፤ የበላሁት ነገር አልነበረም። ግቢው ጸጥ ብሎ ነበር፤ ከጠዋቱ ሳቅ በኋላ ያ ጸጥታ ከሌላ ቀን ይልቅ ከበደኝ።

የሰላም ፈተና እስኪያልቅ እቆያለሁ ብዬ ነበር። አልቻልኩም። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። መጀመሪያ ሶዶ ሄጄ ለሰላም ነገርኳት። «አዬ፣ ወንዝ ስንወርድ የነበረው በአንቺ ነው?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ያን ቀን ምሳ አብራኝ አልበላችም።

ቀጥሎ ወደ አቶ ዳና ሄድኩ። ቦይናቸውን እየኮተኮቱ ነበር። ቆሜ ነገርኳቸው። መኮትኮታቸውን አላቆሙም። መስመሩን ጨርሰው ቀና አሉ።

«ያን ቀን ልጅቷ ያወቀችው ይህን ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው የተባረረችው ለእኔ ብላ ነው፣ ወይስ ለአንቺ ብላ?»

ያን ጥያቄ እስከ ዛሬ ራሴን እጠይቃለሁ። 

«ለእድሩ ራስሽ ንገሪ» አሉ። «እኔ ሁለት ዓመት አይደለሁም ብያለሁ፤ አፌ ደክሞታል።»

በቀጣዩ የእድር ቀን ከዋርካው ሥር ቆሜ ተናገርኩ። በዚህ ጊዜ ከሴቶቹ ፊት ነበርኩ። ስጨርስ ሰዎች ተሰልፈው አቶ ዳናን ይቅርታ ጠየቁ፤ አንዳንዱ አለቀሰ። እኔ ጋ የመጣ አልነበረም። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መቆም አይችልም፤ አልተቀየምኩም። አሁን አቶ ዳና ግቢ ሰው አይጠፋም። እኔን ከመንገዱ ማዶ ሆነው «ሳሮ» ይሉኛል፤ አይሻገሩም። ባለቤቴ በስልክ ሰምቶ «ስመጣ እንነጋገራለን» አለ፤ እስካሁን አልመጣም። በቤተ ክርስቲያን አግዳሚው ላይ አሁን ባዶ የሚሆነው የእኔ ግራና ቀኝ ነው። ሰላም ለዕረፍት ስትመጣ ግን መጥታ አጠገቤ ትቀመጣለች።

ይህን የምታነቡ እናቶች፣ እኔ ልጄን ከጅብ ልጠብቅ ብዬ ነበር። ስንጠነቀቅ የምናየው የእኛን በር ብቻ ነው። ከበሩ ውጭ ያለውን፣ ጎረቤትን፣ ምንጩን፣ በሰማይ የሚበረውንም ጭምር ዘግተንበት እናድራለን። በውስጣችሁ እንደዚህ ያለ ነገር ካለ ቀን አትቁረጡለት። እኔ «ፈተናው ይለፍ» ስል ሌላ ሰው ከፈለበት። መናገር ብቸኝነትን ያጠፋል ብዬ አልዋሻችሁም፤ እኔ ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ግን አሁን ጓሮ ገብቼ ስጸልይ ማን ይሰማኛል ብዬ ዙሪያዬን አላይም።

ሥልጠናው ወደተደረገበት አዳራሽ ሄጄ ነበር። ሥልጠናው አልቋል፣ ሰዎቹም ተበትነዋል አሉኝ። ከድርን በመናኸሪያ አገኘሁት፤ መስከረም የምስክር ወረቀቷ እንዳልተሰጣት፣ የሰጠችው ስልክም እንደማይሠራ ነገረኝ። አረካ ድረስ ሄጄ በስሟ ጠየቅሁ፤ የአባቷን ስም ስለማላውቅ የሚያሳየኝ አጣሁ።

ስሟ መስከረም ነው። የአረካ ልጅ ናት፤ ሃያ ስድስት ወይም ሃያ ሰባት ዓመት ይሆናታል። ወፎችን ታጠናለች። ቀጠን ያለች ጠይም ናት፤ ስትናገር ቀስ ብላ ነው፤ በግራ ቅንድቧ ላይ ትንሽ ጠባሳ አለ። የምታውቋት ካላችሁ የት እንዳለች፣ ሥራ እንዳገኘችና ደህና እንደሆነች ንገሩኝ። ለእሷም የሰላም እናት ተናግራለች በሉልኝ።